ቀኝ ጡቴ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል፣ ግራው ግን ጠብ አይልም፤ ምን ላድርግ?

የሳቢያኗ አራስ፦

ሰላም እህቶቼ። ድሬዳዋ ሳቢያን ነው የምኖረው። የመጀመሪያ ልጄን ከወለድኩ ዛሬ 19 ቀኔ። ሴት ናት፣ 3.1 ኪሎ ሆና ነው የተወለደችው፣ እሷ ማርያም ይመስገን ደህና ናት። እኔ ግን በጡቴ ነገር እንቅልፍ አጥቻለሁ።

በሦስተኛው ቀን ወተቱ ሲመጣ ሁለቱም አጋቱና እስከ ብብቴ ድረስ አበጡ። ያለ ነው ስላሉኝ ቻልኩት። ግራው ከሁለት ቀን በኋላ ለስለስ አለ። ቀኙ ግን እስከዛሬ አልተወኝም። ሌሊት ሦስት ሰዓት ያህል ከተኛሁ ስነቃ ጠጥሮ ነው የማገኘው፣ ቆዳው ያብረቀርቃል፣ ልብሴም አንሶላውም ርሷል። ልጅቷ ልትይዘው ስትል ይንሸራተትባታል፣ ከያዘችው ደግሞ ወተቱ ስለሚፈናጠቅ ትን ይላትና እያለቀሰች ትለቀዋለች። ስለዚህ እህቴ ከአዲስ አበባ በላከችልኝ ፓምፕ በየሦስት ሰዓቱ ጥርግ አድርጌ አልበዋለሁ፣ ለ20 ደቂቃ ያህል፣ ከዚያ የተረፈውን እሷ ጠብታ ትተኛለች። ባዶ ባደረግኩት ቁጥር ብሶበት ይሞላል። ግራውን ስሰጣት ትንሽ ትጎትትና ትበሳጫለች፣ እኔም የለውም ብዬ ከተውኩት ሰነበትኩ። በፓምፕ ስሞክረው የሚወጣው የሻይ ማንኪያ ነው። መጠናቸው ራሱ ተለያይቶ በልብስ ላይ ያስታውቃል።

እናቴ በሙቅ ውሃ ፎጣ ነክራ ቅቤ ቀብታ ታሸኛለች፣ ሲያመኝ አለቅሳለሁ። አማቴ ደግሞ በዚህ በግንቦት ሙቀት ልጅ እንዴት ውሃ ሳትቀምስ ትውላለች ብላ ስኒ ይዛ ትቆማለች። ሁለቱም ስለሚወዱን ነው፣ አውቃለሁ። ግን ማንን ልስማ? ፓምፑን ላቁም? ግራው ደርቆ ይቅር? ጥቅል ጎመን ያደርጋሉ ሲሉም ሰማሁ፣ እውነት ነው?

የቀፊራ ልጅ፦

አቦ አይዞሽ! እንኳን ማርያም ማረችሽ። የጻፍሽውን ሳነብ የራሴን ታሪክ ያነበብኩ መሰለኝ።

እኔ በሁለተኛው ልጄ ልክ እንዳንቺ ሆኜ ነበር፣ ጎኑ ብቻ ነው የተለየው፣ የኔ ግራው ነበር። ካለብኩት ይቀልለኛል ብዬ ሳልብ ሳልብ ወር ሊሞላኝ ደረሰ። ማንም ያልነገረኝ ነገር ጡት እንደ ባልዲ ቀድተሽ የምትጨርሺው አለመሆኑን ነው። የወሰድሽበትን ያህል ይተካል። በየሦስት ሰዓቱ ጥርግ ስታደርጊው መንታ የወለድሽ መስሎት ለሁለት ልጅ ያመርታል። ግራውን ስትተዪው ደግሞ ፈላጊ የለኝም ብሎ ይቀንሳል። ስለዚህ ግራው አልደረቀም፣ የሚጠይቀው ሰው አጥቶ ነው።

እኔን የረዳኝ ጡት ማጥባቱን ትንሹ ካለው ጡት መጀመር ነው። ልጅ ሲርበው አጠባቡ ኃይለኛ ነው፣ ያንን ጉልበቱን ትንሹ ጡት ላይ ያውለው። ሲጠግብ ሲጠግብ ወደ ትልቁ ታዞሪዋለሽ፣ ያኔ ቀስ ብሎ ስለሚጠባ ትንም አይለውም። አሻፈረኝ ካለች ሌሊት እንቅልፍ ይዟት ሞክሪ፣ ግማሽ እንቅልፍ ላይ ሆነው ሳያውቁት ይጠባሉ። እኔ ሌላም ብልሃት ነበረኝ። ልጄ በአንድ ጎኑ መተኛት ይወድ ስለነበር ሳላገላብጠው፣ እንደተኛበት አንሸራትቼ ወደ ሌላው ጡት እወስደው ነበር፣ ግማሽ ገላው በብብቴ ስር ይሆናል። ጡት የተቀየረ አይመስለውም።

ስለ ጎመኑ፣ አዎ ያደርጋሉ፣ እኔም አድርጌዋለሁ። ከቀፊራ ገበያ ጥቅል ጎመን ገዝተሽ ቅጠሉን በደንብ ታጥቢውና ፍሪጅ ውስጥ ታስገቢዋለሽ። መሀሉ ላይ ያለውን ወፍራም ጅማት በጠርሙስ ዳምጠሽ ጡት መያዣሽ ውስጥ ማስገባት ነው፣ ጫፉን ሳትሸፍኚ። 20 ደቂቃ በቂ ነው፣ እስኪጠወልግ። በድሬ ሙቀት ያቺ ቅዝቃዜ ገነት ናት። መብራት ሄዶ ፍሪጁ ካልቀዘቀዘ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ነክረሽ ቬንትሌተር ፊት አቆይተሽ ተጠቀሚ። ቆዳው ከተሰነጠቀ ግን ጎመኑ ይቅርብሽ።

አዋላጇ ከሐረር፦

እንኳን ደስ አለሽ የኔ እህት። አዋላጅ ነርስ ነኝ፣ ሥራዬ ሐረር ነው። የቀፊራ ልጅ ያለችው ትክክል ነው፣ እኔ የምጨምርበት አለኝ።

በመጀመሪያ፣ ፓምፑን ዛሬውኑ እንዳታቆሚ። ይሄን አደራ እላለሁ። ብዙ ወተት የለመደ ጡት ድንገት ሲዘጋበት ይቆጣል፣ ወደ ኢንፌክሽንም ሊሄድ ይችላል። ቀስ እያልሽ ነው የምትቀንሺው። ዛሬ 20 ደቂቃ ከሆነ ነገ 15 አድርጊው፣ ከዚያ 10። ደግሞም የማለቡ ግብ ጡቱ ባዶ እንዲሆን ሳይሆን ሕመሙ ቀለል እንዲልሽ ነው። ቀለል ሲልሽ አቁሚ፣ ወተት እየወጣ ቢሆንም አቁሚ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ጡቱ ራሱ መልእክቱን ይሰማል።

ጡቱ ጠጥሮ ልጅቷ መያዝ ሲያቅታት ፓምፕ አያስፈልግሽም፣ በእጅሽ ትንሽ ማለብ ይበቃል። አውራ ጣትሽን ከላይ፣ ሌሎቹን ከስር አድርገሽ፣ ከጫፉ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ራቅ ብለሽ መጀመሪያ ወደ ደረትሽ ግፊ፣ ከዚያ ጨመቅ ለቀቅ። ቆዳው ላይ አትጎትቺ። ከዚያም በፊት የሚረዳ ነገር አለ። በጀርባሽ ጋደም ብለሽ በጡትሽ ጫፍ ዙሪያ ያለውን ጥቁሩን ክፍል በጣቶችሽ ለአንድ ደቂቃ ያህል ቀስ ብለሽ ወደ ውስጥ ተጫኚው። በጡት ውስጥ የሚጠጥረው ወተት ብቻ አይደለም፣ ደምና ውሃ መሰል ፈሳሽም አብጦ ነው ያለው። ስትጫኚው ያ ፈሳሽ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ዙሪያው ይለሰልሳል፣ ልጅቷም አፏን ሞልታ ትይዛለች። እናቶች ፊቴ ሲያደርጉት ለውጡን አይተው ይገረማሉ።

የእናትሽን ፎጣ በተመለከተ፣ ለብ ያለ ጨርቅ ልታጠቢ ስትይ ለሁለት ሦስት ደቂቃ ብቻ ከሆነ ወተቱ እንዲወርድ ይረዳል። ረጅም ሙቀት ግን እብጠቱን ያባብሰዋል። ካጠባሽ በኋላ የሚያስፈልግሽ ቅዝቃዜ ነው፣ በረዶ በጨርቅ ጠቅልለሽ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ። እያለቀስሽ መታሸቱ ደግሞ ዛሬ ይብቃ። ኃይለኛ እሽት ውስጡን ይጎዳል። ጡት ሊታሽ የሚገባው ድመት እንደምትዳብሺው ያህል ነው፣ ከጡቱ ወደ ብብት አቅጣጫ፣ በጣም በቀስታ። እናትሽን በክብር ንገሪያት፣ እጇ ሥራ እንዳይፈታ ጀርባሽን ትሽልሽ፣ እሱ በእውነት ይረዳል።

ውሃ ለልጅቷ አይሰጥም። በድሬም ሙቀት አይሰጥም። የእናት ጡት ወተት ከ80 በመቶ በላይ ውሃ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እስከ 6 ወር ጡት ብቻ የሚለው ለሞቃት አገርም ጭምር ነው። ውሃ ሆዷን ይሞላል፣ ጡት ትቀንሳለች፣ የተቅማጥ በርም ይከፈታል። ስትጠማ ቶሎ ቶሎ አጥቢያት፣ በ24 ሰዓት ከ8 እስከ 12 ጊዜ። ውሃው የሚያስፈልገው ላንቺ ነው፣ አማትሽ ስኒውን ላንቺ ይስጡሽ።

የሳቢያኗ አራስ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የመጨረሻውን መስመር ለአማቴ አነበብኩላቸው፣ እሺ ብለው ስኒውን ለኔ ሰጡኝ፣ ወዲያው ደግሞ አጥሚት ሠሩልኝ።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። ግራውን ስታጠባ እየጠገበች መሆኑን በምን አውቃለሁ? ቀኙ ላይ ትን ሲላትስ ምን ላድርግ? ከአፏም ከአፍንጫዋም ሲወጣ በጣም ነው የምፈራው።

አዋላጇ ከሐረር፦

በፓምፕ የሚወጣውን አይተሽ ጡትሽን አትመዝኚው። ልጅ ከፓምፕ በተሻለ ነው የሚያወጣው። የምታዪው ዳይፐሯን ነው። በቀን 6 ወይም ከዚያ በላይ ካሸናች፣ ሽንቷ ነጣ ያለ ከሆነና ስትጠባ ጉሮሮዋ ሲውጥ ከሰማሽ እያገኘች ነው። አብዛኞቹ ልጆች በሁለት ሳምንታቸው የተወለዱበትን ክብደት ይመልሳሉ፣ የሷ ስንት እንደሆነ ጤና ጣቢያ ወስደሽ አስመዝኚያት። ግራው እንዲጨምር ከፈለግሽ እሷ ጠብታ ከጨረሰች በኋላ ግራውን ብቻ አምስት አስር ደቂቃ እለቢ። ትንሽ ቢወጣም፣ ምንም ባይወጣም ትእዛዙ ይደርሰዋል።

ለትንታው ደግሞ ወደ ኋላ ደገፍ በይና ልጅቷን ሆድሽ ላይ አስተኝተሽ አጥቢያት። ወተቱ ሽቅብ ስለሚወጣ ኃይሉ ይበርዳል። መጀመሪያ ወተቱ ሲፈናጠቅ ደግሞ ከአፏ አውጥተሽ ለአንድ ደቂቃ ፎጣ ላይ ይፍሰስ፣ ረገብ ሲል መልሺላት።

ሁለቱ ጡቶች ፍጹም እኩል ላይሆኑ ይችላሉ። የብዙ ሴት ጡት አንዱ ከአንዱ ይበልጣል፣ በአንድ ጡት ብቻ ልጅ ያሳደጉም አሉ። እኛ የምንፈልገው እንዳያምሽ ነው።

እናት ነኝ ከለገሀሬ፦

ልጄ፣ እኔ አምስት ወልጃለሁ፣ አሁን የልጅ ልጅ ነው የማሳድገው። አንድ ነገር ሳልነግርሽ ባልፍ እንቅልፍ አይወስደኝም።

የታናሽ እህቴ ልጅ አራስ ሆና እንዳንቺ አንዱ ጡቷ አጋተ። በሳምንቱ ብርድ ብርድ አላት፣ ተንቀጠቀጠች፣ አጥንቷ ሁሉ ተሰበረ። እኛ ደግሞ ምን አልን? ምች መቷት ነው አልን። ጠዋት በራፍ ላይ ወጥታ ነበርና ፀሐይ አግኝቷት ነው ብለን ዳማከሴ ጨምቀን አጠጣናት፣ አጠንናት። አራት ቀን እንዲህ አደረግን። ጡቷ ላይ በአንድ በኩል ቀይ ሆኖ ሲያቃጥላት እንኳ ይበርድላታል እያልን ጠበቅን። በመጨረሻ ሐኪም ቤት ስትደርስ መግል ቋጥሮ ተገኘ፣ በመርፌ ተቀዳላት። ዳነች፣ ልጇንም አጠባች፣ ግን ያ ሁሉ ስቃይ በሁለተኛው ቀን ብንሄድ ኖሮ በኪኒን ያልቅ ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ዳማከሴን አልነቅፍም፣ እኔም እጠጣዋለሁ። አራስ ግን ጡቷ አብጦ ትኩሳት ከያዛት ምች ነው ብለሽ አትቀመጪ።

አዋላጇ ከሐረር፦

እናታችን ያሉት ወርቅ ነው። ቁጥሩንም ልንገራችሁ። ትኩሳት 38.5 ሲደርስ፣ ጡቱ በአንድ ወገን ሲቀላና ሲያቃጥል፣ ሰውነት እንደ ጉንፋን ሲሰባበር ወደ ጤና ጣቢያ ነው። ገና ቀለል ያለ ከሆነ በማጥባት፣ በቅዝቃዜና በዕረፍት በ24 ሰዓት ሊሻል ይችላል፣ ካልተሻለ ወይም ከባሰ ግን አትጠብቁ። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን ለምታጠባ እናት ይሆናል። የጨጓራ ወይም የኩላሊት ችግር ካለብሽ አይቡፕሮፌኑን ሐኪም ሳትጠይቂ አትውሰጂ። ኢንፌክሽን ቢሆንም እንኳ ማጥባት አይቆምም፣ ወተቱ ልጅቷን አይጎዳም። ሰዎች ታመሻል ብለው ልጁን ከጡት ይነጥላሉ፣ ያኔ ነው የሚብሰው።

ባለ ሥራዋ፦

እኔ ልጨምር ለወደፊቱ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ከወሊድ በኋላ ያለው ፈቃድ 90 ቀን ነው፣ ሳታስቢው ይደርሳል። እኔ ከዚራ ሰፈር ወዳለው ቢሮዬ ስመለስ ከአራት ሰዓት በኋላ ጡቴ ይጠጥር ነበር፣ መጸዳጃ ቤት ገብቼ በእጄ አልብ ነበር። የታለበ ወተት ውጭ የሚቆየው 4 ሰዓት ያህል ነው፣ እሱም እስከ 25 ዲግሪ ባለ ክፍል ውስጥ። የድሬ ቀትር ደግሞ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ በረዶ ያለበት ትንሽ ማቀዝቀዣ ሳጥን ይዤ እሄድ ነበር፣ ቤት ስደርስ ፍሪጅ ውስጥ፣ እስከ 4 ቀን ይቆያል። አንቺ ግን አሁን ትርፍ ወተት ላጠራቅም ብለሽ እንዳትጨምሪው፣ መጀመሪያ ቀኙ ይረፍ።

የሳቢያኗ አራስ፦

ከስድስት ቀን በኋላ ተመለስኩ።

ፓምፑን አሁን የምጠቀመው ቀኙ ላይ በቀን ሁለቴ ብቻ ነው፣ አምስት አምስት ደቂቃ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ከብደውኝ ነበር፣ አልዋሽም፣ ሌሊት እየተነሳሁ በጎመን ነው ያለፍኩት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስነቃ ልብሴ ደረቅ ነበር፣ ደንግጬ ወተቴ ጠፋ ብዬ እናቴን ጠራኋት፣ ነካ ስታደርገው ይፈስሳል። ለስልሶ ነው። ልጅቷ ግራውን አሁን ትይዛለች፣ በተለይ ሌሊት ተኝታ ሳለ ያ ማንሸራተት ያላችሁኝ ሠርቷል። ቀኙ አሁንም ይበልጣል ግን አያመኝም። ትንታውም ደገፍ ስል በጣም ቀነሰ።

ትናንት ጤና ጣቢያ አስመዘንናት፣ 3.6 ኪሎ ሆናለች። አማቴ ወረቀቱን ይዘው ጎረቤት ሁሉ አዞሩት።

አዋላጇ ከሐረር፦

እልልል! ቀሪዎቹን ሁለት ማለቦች ደግሞ በዚህ ሳምንት አንድ አድርጊያቸው። ልጅቷ አንድ ወር ተኩል ሲሆናት ሁለቱም ጡቶችሽ ይበልጥ ይለሰልሳሉ፣ ያኔም ወተቴ ጠፋ ብለሽ እንዳትደነግጪ፣ ዳይፐሯን እዪ።