ምንም ሳልጭንበት መስመር የሚያወጣው ሆሎግራም

ባለ 2 ሚሊሜትር የአሉሚኒየም ላሜራ ክብደት ሲጫንበት ስንት እንደሚጎብጥ በሆሎግራም (በሌዘር ብርሃን በሚቀረጽ ባለ ሦስት ገጽታ ምስል) ልለካ ፈልጌ ነው። ሌዘሬ ሂሊየም ኒዮን ነው፣ የሞገድ ርዝመቱ 632.8 ናኖሜትር። ሆሎግራሙ በሚቀረጽበት አንድ መስታወት ላይ ሁለቴ አነሳለሁ፤ ከጭነቱ በፊትና በኋላ። በመካከሉ የተንቀሳቀሰ ነገር ካለ ምስሉ ላይ ጥቁር መስመሮች ይወጣሉ።

ችግሩ፣ ምንም ሳልጭንም 6 ቀጥ ያሉ ጥቁር መስመሮች ይወጣሉ። ከፊት ለፊት ሲበራና ሲታይ አንዱ መስመር የሞገዱን ግማሽ፣ ወደ 316 ናኖሜትር የሚሆን እንቅስቃሴ ያሳያል። ስለዚህ 2 ማይክሮሜትር የሚጠጋ እንቅስቃሴ አለ ማለት ነው። ለዚህ ሥራ ብዙ ነው!

ጠረጴዛውን አሸዋ ላይ አስቀመጥኩት። ማራገቢያውን አጠፋሁ። ከማንሳቴ በፊት ግማሽ ሰዓት ጠበቅሁ። መስመሮቹ ወይ ፍንክች! አጠገቡ ያቆምኩት ከባድ ብረት ላይም ያው መስመር አለ፤ ስለዚህ ጥፋቱ የላሜራው ብቻ አይመስለኝም።

የሚንቀሳቀሰው የሆሎግራሙ መስታወት መያዣ ይሁን ወይስ ጨረሩን የሚመልሰው መስተዋት፣ በምን ልለየው?