«ኢልቫ» የሚለው ስም ስዊድን ውስጥ እንዴት ይሰማል?

የምኖረው ስዊድን ነው። ሴት ልጃችን ከተወለደች 7 ሳምንት ሆኗታል፤ እዚህ አገር የልጅ ስም በ3 ወር ውስጥ ለግብር መሥሪያ ቤቱ መቅረብ አለበት። ስዊድናዊው ባለቤቴ በአያቱ ስም «ኢልቫ» ትባል ይላል። የመጀመሪያው ድምፅ ከንፈርን አሹሎ የሚነገር «ኢ» ነው፤ በእኛ ፊደል በትክክል አይጻፍም።

ትርጉሙን ፈለግሁ። ከጥንቱ የሰሜን ሰዎች ቋንቋ «ኡልፍር»፣ ማለትም ተኩላ ከሚለው ቃል የመጣ ነው፤ ኡልፍ የተባለው የወንድ ስምም ከዚያው ነው። እንግዲህ ልጄ ሴት ተኩላ ልትባል ነው። ደሴ ላለችው እናቴ በስልክ ስነግራት ዝም አለች። ቆይታም «በጎቹን ማን ሊጠብቅ ነው?» አለችኝ። እሷስ በ80 ቀኗ በሚወጣላት የክርስትና ስም ትጠራታለች፤ እኔን ያሳሰበኝ ትምህርት ቤቱ ነው።

የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ የስም መፈለጊያ በስሙ ስንት ሰው እንደሚጠራ ያሳያል፤ ስሙ ለጆሮ እንዴት እንደሚሰማ ግን አይናገርም። ባለቤቴም ከ«ቆንጆ ነው» ሌላ መልስ የለውም፤ የአያቱ ስም ነዋ!

ስዊድን ያደጋችሁ ወይም እዚያ ልጆች ያሳደጋችሁ፦ ዛሬ አንዲት ሕፃን «ኢልቫ» ተብላ ስትጠራ ሰው ቀድሞ የሚያስበው ተኩላዋን ነው ወይስ አሮጊት ሴትን?