ትንሽ ሞተር ላይ ሳጥንና የሚመች የኋላ መቀመጫ

ባለ125፦
ሰላም ጓዶች። 125 ሲሲ ሞተር አለችኝ፣ ከኋላ ሳጥን ልገጥምላት አስቤያለሁ። ባለቤቴ ትንሽ እንደሄድን ወገቤን ትላለች፣ ሳጥኑን ብትደገፈውስ? ሞተሯ ትችለዋለች?

ጎማው፦
መጀመሪያ መመሪያዋ ላይ የጭነት ልኳን እይ። ብዙ ጊዜ እዚያ የተጻፈው ኪሎ አንተን፣ ባለቤትህን፣ ሳጥኑንና የሚታሰርበትን ብረት ሁሉ ደምሮ ስለሆነ ለእቃ የሚተርፍህ ትንሽ ነው። ሳጥኑ ከኋላ ጎማ አልፎ ከተንጠለጠለ ደግሞ ፊቷ ይቀላል፣ ፈጠን ስትል መሪው ይወዛወዛል። ከባዱን እቃ ዝቅ ባለ የጎን ቦርሳ አድርገው። ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ጋር እንዳይደርስ ብቻ፣ ይቀልጥልሃል!

ተሳፋሪዋ፦
ሁሌ ከኋላ የምቀመጠው እኔ ነኝ፣ ስለዚህ ስሙኝ 😄 መደገፊያው ጥሩ ነው፣ ግን ጉልበት በጣም ከታጠፈ ወገብም አያርፍም። መቀመጫውን በጠንካራ ስፖንጅ ትንሽ ከፍ አስደርገው። ለስላሳው ሲገዙት ደስ ይላል፣ ቶሎ ግን ይሰምጣል። ሳጥኑም ወደፊት ተጠግቶ ቦታዋን እንዳይነጥቃት።

ባለ125፦
ገባኝ፣ ትንሹን ሳጥን እይዛለሁ። አሞርዛተሩን (የኋላውን ንዝረት መቀነሻ) ልንካው?

ጎማው፦
አዎ፣ ሁለት ስትሆኑ ሞላውን ጠበቅ አድርገው። የኋላ ጎማ ንፋስም ለሁለት ሰው በተጻፈው ልክ ይሁን። ኋላዋ ዝቅ ሲል የፊት መብራቷ ሰው ዓይን ላይ ነው የሚያበራው፣ እሱንም አስተካክል።