ኮምፎርት እየሰፋሁ መኪናዬ ቀጥ አለች፤ ዲናሞው ነው?

ሰፊዋ ከጣፎ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ለገጣፎ ነው የምኖረው፣ በረንዳዬ ላይ ኮምፎርት እሰፋለሁ። መኪናዬ የቤት አይደለችም። ወፍራም የምትሰፋ፣ እግሯ ጨርቁን ከላይም እየረገጠ የሚራመድ ትልቅ መኪና ናት። መርካቶ ሱቁን ሊዘጋ ከነበረ ሰው ነው ያገለገለች የገዛኋት። ሁለት ዓመት አንድ ቀን አላስቸገረችኝም።

ትናንት ከሰዓት አራተኛውን እየሰፋሁ ነበር። ከላይ ሮዝ ሳቲን፣ መሃል ፋይበር፣ ከታች ፖፕሊን። መሃሉ ላይ ስደርስ መብራት ሄደ። ተነስቼ ቡና አፈላሁ። መብራት ሲመጣ ፔዳሉን ረገጥኩ፣ "ግጭ" አለችና በቃ። ዲናሞው ይጮኻል፣ ስፌት ግን የለም።

የሰፈር ኤሌክትሪሻን ጠራሁ። ገና ሳይከፍተው "መብራቱ በኃይል መጥቶ ዲናሞውን በልቶታል፣ ይጠቅለል" አለኝ። 4,000 ብር! ለዳግማይ ትንሣኤ ሰርግ 6 ኮምፎርት ማስረከብ አለብኝ። እባካችሁ፣ ብሩን ከመክፈሌ በፊት የሚያውቅ ይንገረኝ።

ባለ ቮልት፦
እህቴ፣ ጩኸቱ ምን ዓይነት ነው? "እምምም" እያለ የማይዞር ከሆነ ዲናሞውን የሚያስነሳው ዕቃ፣ ካፓሲተሩ፣ ይሆናል። እሱን መቀየር ከመጠቅለል በብዙ ይረክሳል። የተቃጠለ ዲናሞ ደግሞ ይሸታል፣ ቤቱን ነው የሚሞላው። ለወደፊቱ መብራት ሲሄድ ስፒናውን ንቀይ፣ ሲመጣም ወዲያው አትሰኪ።

የድሮ ሰፊ፦
ልጄ፣ ዲናሞውን ለጊዜው ተይው። መጀመሪያ ስፒናውን ንቀይ። ማብሪያውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም። እነዚህ ትልልቅ ዲናሞዎች ከጠፉም በኋላ ጥቂት ይዞራሉ፤ ያኔ እግርሽ ፔዳል ቢነካ መርፌው ጣትሽ ላይ ይወርዳል። እኔ በሌባ ጣቴ ነው የተማርኩት።

ከዚያ መዘውሩን በእጅሽ ቀስ እያልሽ አዙሪና ንገሪኝ። ይዞራል? መርፌው ይወርዳል? ከታች በቦቢኑ ዙሪያ ያለው መንጠቆስ አብሮ ይዞራል?

ሰፊዋ ከጣፎ፦
ባለ ቮልት፣ ምንም አይሸትም። ዲናሞውም ቺንጋውም ሲዞሩ ነበር።
ጋሼ፣ ያሉኝን አደረግሁ። መዘውሩ ይዞራል፣ መርፌውም ይወጣል ይወርዳል። ክዳኑን ስቤ ከታች ሳይ ግን መንጠቆው ንቅንቅ አይልም። ተሰብሮ ነው? አሁን ይባስ ደነገጥኩ።

የድሮ ሰፊ፦
አይዞሽ፣ አልተሰበረም። ራሷን ነው ያዳነችው። እንዲህ ያሉ መኪናዎች ብዙዎቹ ሆዳቸው ውስጥ መከላከያ ክላች አላቸው። መንጠቆው በክር ሲታነቅ ክላቹ ይለቃል። ላይኛው ይሠራል፣ ታችኛው ይቆማል። ባይለቅ ኖሮ የሚሰበረው መንጠቆው ነበር፣ ያኔ ነበር ማልቀስ።

ልገምት። መብራት ሲሄድ መርፌው ጨርቁ ውስጥ ነበር። አንቺ ቡናሽን ልታፈዪ ስትነሺ ጨርቁን ሳብ አደረግሽው። የላላው ክር ታች ወርዶ መንጠቆው ላይ ተጠመጠመ። መብራት ሲመጣ ረገጥሽው። ጥፋቱስ የመብራቱ ነው፣ ግን ዲናሞው ምን አደረገ?

አሁን ቦቢኑን ከነቤቱ አውጪ። ክሩን በወረንጦ እየሳብሽ፣ በትንሽ መቀስ እየቆረጥሽ ልቅም አድርገሽ አውጪው። የፋይበር ብናኝም አይጠፋም፣ በብሩሽ ጥረጊው። ክሩ ሳይወጣ ክላቹን ብትመልሺ ተመልሶ ይለቃል።

ቀጥሎ መኪናዋ ወለል ላይ፣ ጨርቁ የሚያልፍበት ላይ፣ ትንሽ ክብ ቁልፍ ፈልጊ። እሷን ወደ ታች ተጭነሽ እንደያዝሽ መዘውሩን ከወትሮው በተቃራኒ ጠንከር አድርገሽ አዙሪ። "ቀጭ" ካለ ይዟል። ቁልፏን ካጣሻት ፎቶ ላኪልኝ። ስፒናውን ከመሰካትሽ በፊት አምስት ስድስት ዙር በእጅ አዙሪ። መርፌውንም ለውጪ፣ ሳይጣመም አይቀርም። ስፌት ስትጀምሪ ደግሞ የሁለቱንም ክር ጫፍ ወደ ኋላ ያዢ።

ጥልፍ ወዳጅ፦
እግረ መንገዴን፦ ከፍተሽ ካጸዳሽ አይቀር ዘይት አድርጊላት። የስፌት መኪና ዘይት ግን! እኔ ቤት አንዴ በምግብ ዘይት ተቀብታ እንደ ሙጫ ደርቆባት ነበር።

ሰፊዋ ከጣፎ፦
ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ! የወፍ ጎጆ የሚያህል ክር ነው የወጣው፣ ከፋይበሩ ጋር ተሸርቦ። ጨርቁንም አዎ፣ ስቤው ነበር፤ እዚህ የነበሩ ነው የሚመስለው።

ቁልፏን እኔ የዘይት ቀዳዳ ነበር የምላት። ሁለት ዓመት ሙሉ ዘይት ሳንጠባጥብባት ኖሬያለሁ። መጀመሪያ ፈርቼ በቀስታ አዞርኩ፣ አልያዘም። ባለቤቴ ጠንከር ሲያደርገው "ቀጭ"። መርፌው ጎብጦ ነበር፣ አዲስ 18 ቁጥር አስገባሁ። ኤሌክትሪሻኑ ዛሬ ጠዋት ዲናሞውን ሊወስድ ሲመጣ መኪናዋ እየሰፋች ነበር። ቡና አጠጥቼ ሸኘሁት፣ ምን ልበለው።

ሮዙ ብቻ ተበላሸ። ያን ቀን ከመርፌው ሥር ላላቅቀው ስታገል ሳቲኑን በመቀስ ነካሁት፣ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ። ለሙሽራ አይሰጥም፣ የኛ አልጋ ላይ ይሁን። ሌላ ሮዝ ሳቲን ፍለጋ ነገ መርካቶ ነኝ።