ለፍላሜንኮ ጀማሪ የሚሆን ርካሽ ጊታር ፈልጌ ነበር (አዳማ)

ጠያቂዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ክራር ትንሽ ትንሽ እሞክራለሁ። የስፔኑን ጊታር ተጫዋች የፓኮ ዴ ሉሲያን አጨዋወት ቪዲዮ ላይ ካየሁ ወዲህ ግን ልቤ ፍላሜንኮ ላይ፣ የስፔኖቹ ሙዚቃ ላይ ቀርቷል። ያለኝ 20 ሺህ ብር ነው። እዚሁ አዳማ ሁለት ጊታር አገኘሁ። አንዱ አዲስ ቦክስ ጊታር ነው፣ የብረት ክር ያለው፣ የሚያብረቀርቅ። ሌላው ያገለገለ ያማሃ ሲ 40 ነው፣ የናይለን ክር ያለው ክላሲካል ጊታር፤ ባለቤቱ 17 ሺህ ይለኛል። የቱን ልውሰድ? ወይስ ዋናው የፍላሜንኮ ጊታር እስኪገኝ ልጠብቅ?

የሐይቁ ልጅ (ሐዋሳ)፦ እህቴ፣ የብረቱን እርሺው። ፍላሜንኮ በናይለን ክር ነው የሚመታው። ጣቶችሽን አንድ በአንድ እየበተንሽ ክሩን የምትመቺበትን ራስጌአዶ በብረት ክር ከተለማመድሽ ጥፍርሽ አይተርፍም። ያማሃውን እዪው።

ደርዳሪው፦ ዋናውን አትጠብቂ። የፍላሜንኮ ጊታር ጎኑና ጀርባው ብዙ ጊዜ ከሳይፕረስ ነው የሚሠራው፤ የእኛ የፈረንጅ ጥድ ዘመድ። ሳጥኑ ሳሳ ይላል፣ ክሩም ወደ አንገቱ ዝቅ ይላል። ድምፁ ለዚህ ነው ፈንድቶ ቶሎ የሚጠፋው። ያማሃ ራሱ ሲጂ 182 ኤስኤፍ የሚባል አለው፤ ዋጋው ግን የሲ 40ን ሦስት አራት እጥፍ ነው። ለጀማሪ ክላሲካል ጊታር ይበቃል፣ የክሩ ከፍታ ከተስተካከለ።

ጠያቂዋ፦ ከፍታውን በምን ልለካ? እኔ እንኳን ሚሊሜትር፣ ክራሬንም በጆሮ ነው የምቃኘው 😅

ደርዳሪው፦ የኤቲኤም ካርድ አለሽ አይደል? አንድ ካርድ 0.76 ሚሊሜትር ነው። ካርዶች ደርቢና 12ኛው ፍሬት ላይ (አንገቱ ላይ ከተጋደሙት የብረት መስመሮች 12ኛው) ከወፍራሙ ክር ሥር አስገቢ። 4 ካርድ ገብቶ 5ኛው ክሩን ካነሳው ለፍላሜንኮ የሚሆን ነው። 5 ከገባ የተለመደው የክላሲካል ከፍታ ነው፣ ይስተካከላል። 7 ከገባ ግን አንገቱ ጎብጦ ሊሆን ይችላል፤ ሰላም ብለሽ ውጪ።

ሌላም አለ። ክሩ ሆዱ ላይ የሚታሰርበትን እንጨት፣ ብሪጁን፣ እዪው። ሥሩ ወረቀት ከገባ ተነቅሏል ማለት ነው። ናይለን ክር የሚስበው 40 ኪሎ ገደማ ነው፣ ብረት ደግሞ ወደ 70። ሰው ሳያውቅ ናይለን ጊታር ላይ ብረት ክር ይወጥርና ይገነጥለዋል።

ባለ ጥፍሩ፦ ማንኳኳቱንስ ረሳችሁት? ጎልፔ ስትለማመጂ በቀለበት ጣትሽ ሆዱን ትመቺዋለሽ። የፍላሜንኮ ጊታር ለዚህ ስስ የፕላስቲክ መከላከያ አለው፣ ሲ 40 የለውም። እኔ የደብተር መሸፈኛ ላስቲክ በሙጫ ለጠፍኩ፤ ስልጠው ቀለሙን ይዞት መጣ። ለጊታር የተሠራውን ግልጽ ስቲከር ከውጭ የሚመጣ ሰው ያምጣልሽ። እስከዚያ አታንኳኪ።

የሐይቁ ልጅ (ሐዋሳ)፦ የአዳማን ሙቀትም አትናቂ። መኪና ውስጥ አትተዪው። በበጋ ደረቁ ነፋስ እንጨት ይሰነጥቃል። የተበሳ የሳሙና ዕቃ ውስጥ እርጥብ ስፖንጅ አድርጊና ከቦርሳው ውስጥ አስቀምጪ፤ ውሃው እንዳይንጠባጠብ ጨምቂው።

ጠያቂዋ፦ ትናንት ከሥራ መልስ ሄድኩ። ሰውየው ካርዶቼን አውጥቼ ስደረድር "ባንክ ነሽ እንዴ?" አለኝ 😂 5 ገባ፣ 6ኛው ክሩን አነሳው። ብሪጁ ሥር ወረቀት እምቢ አለ። ክሩ ያረጀ ስለነበር ተከራክሬ በ15,500 ወሰድኩት። አሁን ከፍታውን ማን ይቀንስልኝ?

ደርዳሪው፦ ጎሽ! ራስሽ ትችያለሽ። ብሪጁ ላይ ክሩ የሚያርፍበትን ነጭ ዘንግ፣ ክሮቹን አላልተሽ ሳቢና አውጪው። ከላይ ሳይሆን ከሥሩ፣ ጠፍጣፋ ነገር ላይ በተነጠፈ ብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጊው። ከሥሩ የሁለት ካርድ ውፍረት ስትቀንሺ 12ኛው ፍሬት ላይ የሚወርደው የአንድ ካርድ ያህል ነው። መጀመሪያ ግማሹን ብቻ ቀንሺ፣ መልሰሽ ወጥሪና ለኪ። ክሩ መንጫጨት ከጀመረ አልፈሻል፤ ያኔ ሌላ ዘንግ መግዛት ነው።