ክርክር፦ እንግዳ አጥማጅ ለምን ከነዋሪው በላይ ይክፈል?

መንጠቆ፦ ለመዝናናት ነው የማጠምደው፤ ሥራዬ እያዞረኝ ብዙ አገር አጥምጃለሁ። አንድ የማይዋጥልኝ ነገር ግን አለ። በአንድ ወንዝ፣ በአንድ ቀን፣ ነዋሪው በትንሽ ገንዘብ የሚያወጣውን ፈቃድ እኔ ብዙ እጥፍ ከፍዬ አወጣለሁ። ዓሣው መታወቂያ አይቶ ነው እንዴ መንጠቆ የሚጎርሰው? እሱ ዓመቱን ሙሉ ያጠምዳል፤ እኔ ሦስት ቀን አጥምጄ እሄዳለሁ። እስቲ አስረዱኝ።

ቀዛፊ፦ ልጄ፣ ነዋሪው በግብሩም ይከፍላል። የወንዝ ጠባቂው ደመወዝና የዓሣ ጫጩት ማራቢያው ወጪ የሚወጣው ከሱ ኪስ ነው። አንተ ድግሱ ከተሰናዳ በኋላ ነው የደረስከው።

ሕግ ወዳድ፦ ይህ ሙግት አሜሪካ ውስጥ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። ሞንታና በምትባለው ክፍለ ግዛት ኤልክ የሚባለውን ትልቅ አጋዘን ለማደን ከሌላ ክፍለ ግዛት የመጣ ሰው የ225 ዶላር ጥቅል ፈቃድ መግዛት ግዴታው ነበር፤ በጥቅሉ ውስጥ ሌላ አደንም በመንጠቆ ዓሣ ማጥመድም ተካቷል። ነዋሪው ያንኑ ሁሉ በ30 ዶላር ያገኘዋል፤ ኤልክ ብቻ ከፈለገ በ9። ፍርድ ቤቱ በ1978 እ.ኤ.አ. ለሞንታና ፈረደ። የሚገርመው፣ ያው ፍርድ ቤት በ1948 ደቡብ ካሮላይና በሌላ ክፍለ ግዛት የሽሪምፕ (ትንሽ የባሕር እንስሳ) አጥማጅ ጀልባዎች ላይ የጣለችውን 2,500 ዶላር ሽሮባታል፤ ለነዋሪው 25 ነበር። ልዩነቱ ምንድን ነው? ሽሪምፑ የሰው መተዳደሪያ ነው፤ የሞንታናው አደን ግን መዝናኛ። አንተ ደግሞ ራስህ ነህ «ለመዝናናት ነው» ያልከን።

መንጠቆ፦ ሕጋዊ መሆንና ፍትሐዊ መሆን ለየቅል ናቸው። እንግሊዝ ውስጥ 13 ዓመት የሞላው ሁሉ ፈቃድ ያወጣል፤ ነዋሪም ሆነ እንግዳ ዋጋው አንድ ነው። ኖርዌይ ባሕር ላይ ደግሞ እንግዳ በዘንግ ሲያጠምድ ፈቃድ የሚባል ነገር አይጠየቅም።

ወንዝ ዳር፦ ኖርዌይን ግማሹን ብቻ ነገርከን። እንግዳ ያጠመደውን መሸጥ አይችልም፤ ከአገር ይዞ የሚወጣው ዓሣም በኪሎ የተገደበ ነው። ሲገባ ያላስከፈሉትን ሲወጣ ይመዝኑበታል። ለማንኛውም የዋጋውን ነገር ተዉትና ስለ ወቅቱ እናውራ። እንግሊዝን ከጠቀስክ፣ ወንዞቿ ላይ ከማርች 15 እስከ ጁን 15 ሮችና ብሪም የሚባሉትንና የመሳሰሉትን ዓሦች ማጥመድ ክልክል ነው፤ እንቁላል የሚጥሉበት ጊዜ ነዋ። እንግዳ ግን ትኬት ቆርጦ፣ ዕረፍት ወስዶ ነው የሚመጣው። ተዘግቶ ሲያገኘው «ይዤ እለቀዋለሁ፣ ምን አጠፋሁ?» ይላል።

መንጠቆ፦ እውነት ምን ያጠፋል? ዓሣው እንዳያመልጥ የሚይዘውን የመንጠቆዬን ጉጥ አጥፌዋለሁ፣ እጄን አርሼ እይዛለሁ፣ ከውኃው ሳላወጣ እለቃለሁ።

ወንዝ ዳር፦ ባስ የሚባለውን ዓሣ ውሰድ። እንቁላሉን የሚጠብቀው ወንዱ ነው። አንተ ለደቂቃ ስታቆየው ሌሎች ዓሦች ጎጆውን ይወሩታል። በሕይወት ለቀኸዋል፣ እውነት ነው፤ የሚመለሰው ግን ወደ ባዶ ጎጆ ነው። ትራውት የምትባለው ዓሣ ደግሞ እንቁላሏን ጠጠር ውስጥ ቀብራ ነው የምትሄደው። እዚያ ላይ መንጠቆም አያስፈልግህም፤ በቦት ጫማህ ትጨፈልቀዋለህ።

ቀዛፊ፦ ስዊዘርላንድማ ለመልቀቅ ብሎ ማጥመድን ራሱን ከልክላለች። ካልበላኸው ለምን ታሠቃየዋለህ ነው ነገሩ። አንዱ አገር ጨዋ ያሰኘህ ሌላው አገር ያስቀጣሃል።

ሕግ ወዳድ፦ እንግዳ ሁሌ ይጎዳል ማለት ግን አይደለም። ጀርመን ውስጥ ፈቃድ የሚፈልግ ሰው በደንቡ ተፈትኖ ማለፍ አለበት። ሜክለንቡርግ-ፎርፖመርን በተባለው የጀርመን ክፍለ ግዛት ግን ያለፈተና የሚወጣ የ28 ቀን የቱሪስት ፈቃድ አለ።

ወንዝ ዳር፦ እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው! ወንዙን እያየ ያደገው ይፈተናል፣ ጠጠሩን ከጎጆው የማይለየው ገንዘብ ከፍሎ ይገባል። ገላብጡት። ለእንግዳ ዋጋውን ቀንሱለት፣ ፈተናውን አክብዱበት።

መንጠቆ፦ ለሦስት ቀን ብዬ ፈተና ልቀመጥ?

ወንዝ ዳር፦ ግማሽ ሰዓት በቂ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄም ስለ ጫማ ይሁን። ኒውዚላንድ ውስጥ ዲዲሞ የተባለው አልጌ በ2004 እ.ኤ.አ. ተገኘ፤ የወንዝ ድንጋይ ላይ እንደ ምንጣፍ ይነጠፋል። ከወንዝ ወደ ወንዝ ለመሻገር የረጠበ ዕቃ ይበቃዋል። በ2008 ሶሉ የተደቀደቀ ሱፍ የሆነ የውኃ ጫማ ታገደ፤ ሱፉ እርጥበት ይዞ ይቆያላ። ኖርዌይም በርካታ የሳልሞን ወንዞቿን አንድ ጥገኛ ተባይ ስላጠቃባት የማጥመጃ ዕቃ በፀረ-ተባይ ይታጠባል። ነዋሪው ያው የሰፈሩ ወንዝ ውስጥ ነው ሲመላለስ የሚውለው። የሌላ አገር ውኃ በጫማው ይዞ የሚመጣው ማን ነው?

መንጠቆ፦ የኔ ጫማ ሶሉ ሱፍ ነው። አያንሸራትትም ተብዬ ነው የገዛሁት።

ወንዝ ዳር፦ ስንት ወንዝ ገብተህበታል?

መንጠቆ፦ ቆጥሬ አላውቅም።