ቴሌቪዥናችን ትናንት ማታ ጠፋ፤ ነገ መግዛት አለብኝ። 55 ሳምሰንግ ወይስ 43 ኤልጂ? (ሐዋሳ)

አቶቴ 12 (ዓርብ ጠዋት 1፡40)
ሰላም ለሁላችሁ። በጣም አስቸኳይ ነው። ትናንት ማታ መብራት ሄዶ ሲመጣ ቴሌቪዥናችን ጥቁር ሆኖ ቀረ። ነገ አዲስ መግዛት አለብኝ፤ ከእሁድ ማለፍ የለበትም። እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ቤተክርስቲያን መሄድ ካቆመች ቆየች፤ ቅዳሴ የምትከታተለው በቴሌቪዥን ነው። እጄ ላይ 45 ሺህ ብር አለ። አንዱ ሱቅ 55 ኢንች ሳምሰንግ ስማርት በዚህ ብር እሰጣለሁ ብሎኛል። ሌላው በዚሁ ዋጋ 43 ኢንች ኤልጂ አለው። የቱን ልውሰድ? እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ።

የታቦር ልጅ (1፡52)
ወንድሜ ምን ጥያቄ አለው፣ 55ቱን ውሰድ። ኳስ በ55 ስታይ ሜዳው ዳር የቆምክ ነው የሚመስልህ። ትልቅ የለመደ ሰው ወደ ትንሽ አይመለስም።

ሀይቅ ዳር (2፡05)
ከመግዛትህ በፊት ሶኬቱን ንቀልና 5 ደቂቃ ጠብቅ። እንደተነቀለ ቴሌቪዥኑ ላይ ያለውን ማብሪያ 30 ሰከንድ ያህል ተጭነህ ያዝ። ከዚያ መልሰህ ሰካው። የኛ ባለፈው በዚህ ተነስቷል።

አቶቴ 12 (2፡11)
እህታችሁ ነኝ። ሶኬቱ ሌሊቱን ሙሉ ተነቅሎ ነው ያደረው። ማብሪያውንም አሁን እንዳልከው ይዤ ሞከርኩት። ያው ነው። ስለዚህ እባካችሁ ስለሚገዛው ንገሩኝ።

የፊዚክስ መምህር (2፡40)
እህቴ፣ ኢንች ከመምረጥሽ በፊት አንድ ነገር ለኪ። እናትሽ ከሚቀመጡበት እስከ ቴሌቪዥኑ ስንት ሜትር ነው? ማንም ሳይለካ ይገዛል፣ ከዚያ ቤት ሲገባ ጸጸት ይሆናል።

ኢንች የሚለካው ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ነው። 43 ኢንች በሰያፍ 109 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ወርዱ 95፣ ቁመቱ 53 ገደማ ይሆናል። 55 ኢንች በሰያፍ 140 ነው፤ ወርዱ 122፣ ቁመቱ 68 ገደማ። የካርቶን ቁራጭ በዚህ ልክ ቆርጠሽ ቦታው ላይ አቁሚውና ሶፋው ላይ ቁጭ ብለሽ እይው። ሱቅ ውስጥ ብዙ ቴሌቪዥን ስለተደረደረ ሁሉም ትንሽ ይመስላል።

አሁን ወደ 4ኬ ልምጣ። ሻጩ መጀመሪያ የሚነግርሽ እሱን ነው። 4ኬ ማለት ስክሪኑ ላይ 3840 በ2160 ነጥብ አለ ማለት ነው። ፉል ኤችዲ 1920 በ1080 ነው። ጤናማ ዓይን ከ3 ሜትር ርቀት ለይቶ የሚያየው ትንሹ ነጥብ ወደ 0.9 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። የ43 ኢንች ፉል ኤችዲ አንዷ ነጥብ ደግሞ ግማሽ ሚሊ ሜትር ናት። ስለዚህ 3 ሜትር ርቆ የተቀመጠ ሰው 4ኬውን ከፉል ኤችዲው አይለየውም። ለመለየት ወደ 1 ሜትር ተኩል መጠጋት አለበት። በዲሽ የምናያቸው አብዛኞቹ የአገር ውስጥ ቻናሎችም ከፉል ኤችዲ አያልፉም። የምትገዥው 4ኬ ከሆነ እሰየው፤ ለእሱ ብለሽ ግን ተጨማሪ ብር አትክፈይ።

የታቦር ልጅ (2፡48)
መምህር፣ እንዲያ ከሆነ ሰው ለምን 65 ይገዛል? የኔ ዓይን ልዩነቱን ያያል።

የፊዚክስ መምህር (2፡55)
ትልቅነቱን ነው የምታየው፣ ወንድሜ። ትልቅ ስክሪን ዓይንህን ይሞላል፣ እሱ እውነት ነው። የነጥቡ ብዛት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሁለቱን አንድ አታድርጋቸው።

ሱቅ ውስጥ ያደግኩ (3፡10)
እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። 55 ሳምሰንግ ከ43 ኤልጂ ጋር እኩል ዋጋ ከተጠራ ቆም በይ። ፎርጅድ ሊሆን ይችላል። ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። ኦሪጅናል ሳምሰንግ ስማርት ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሚሠራው ታይዘን በሚባል የራሱ ሲስተም ነው። ኤልጂ ደግሞ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዌብ ኦኤስ ነው። "ሳምሰንግ" የተጻፈበት ስማርት ተከፍቶ የጉግል ፕሌይ ስቶር ካሳየሽ ሳምሰንግ አይደለም፤ ትተሽው ውጪ። ሶኒ ወይም ቲሲኤል ቢሆን ጉግል ማሳየቱ ያለ ነው።

ከዚያ ካርቶኑ ላይ ያለውን፣ ጀርባው ላይ የተለጠፈውንና ሴቲንግ ውስጥ የሚወጣውን ሞዴልና ሴሪያል ቁጥር አስተያዪ። ሦስቱም አንድ መሆን አለባቸው። ጀርባው ላይ ቮልቱንም አንብቢ። ከአሜሪካ የመጣ አንዳንዱ ከ110 እስከ 120 ቮልት ብቻ ነው፤ በኛ 220 ከሰካሽው ያኔውኑ ይቃጠላል። ሱቁ ውስጥ ሳይበራና ሳታዪው ብር አትስጪ። የተሰነጠቀ ፓናል (ስክሪኑ ራሱ) ጠፍቶ እያለ ላይታይ ይችላል። ፍላሽ ይዘሽ ሂጂ፣ ነጭ ምስል ክፈቺ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ይታይሻል። ከፊት ብቻ ሳይሆን ከጎንም ቆመሽ እይው፤ አንዳንዱ ከጎን ሲታይ ቀለሙ ይደበዝዛል። ደረሰኝና የዋስትና ወረቀት ላይ ሴሪያል ቁጥሩ ይጻፍልሽ።

አዲስ አበባ ነኝ (3፡22)
መርካቶ ብትመጪ ይረክስልሻል።

ሱቅ ውስጥ ያደግኩ (3፡26)
275 ኪሎ ሜትር መጥታ፣ 275 ኪሎ ሜትር ስክሪን ተሸክማ ትመለስ? ብልሽት ቢኖረው ደግሞ ለዋስትና እንደገና? እዚሁ ትግዛ።

ባለባጃጅ (3፡31)
55 ከሆነማ እኔ ጋ አይገባም፣ ከገባም እኔ እወርዳለሁ። 43 ግን ስንቱን አድርሻለሁ! ቀጥ ብሎ ቆሞ ነው የሚጓዘው፣ እንዳይተኛ። አንድ ሰው ከኋላ ይዞት ይቀመጥ። ተኝቶ ጉድጓድ ላይ ከዘለለ ፓናሉ መሀሉ ላይ ይሰነጠቃል።

እናት ነኝ (3፡50)
ልጄ፣ እግዚአብሔር እናትሽን ያቆይልሽ። እኔ የምልሽ ስለ ቴሌቪዥኑ አይደለም። ትናንት ያቃጠለሽ መብራት ነገም አለ። አዲሱን እዚያው ሶኬት ላይ ልትሰኪው ነው? የኔ ፍሪጅ የተቃጠለው እንዲሁ መብራት ሄዶ ሲመጣ ነው። ዲቫይደር ይጠብቀዋል ብዬ ነበር። ዲቫይደር ሶኬት ያበዛል እንጂ አይጠብቅም። ከ45 ሺሁ ላይ ለመጠበቂያው ቀንሺ። መብራት ሲመጣ ወዲያው የማያሳልፍ፣ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የሚለቅ አለ፣ እሱን ግዢ። መብራት ሲሄድ ደግሞ ንቀይ። እኔ አሁን ልጆቹን ሳይቀር አስለምጃቸዋለሁ።

የፊዚክስ መምህር (4፡02)
እናታችን ትክክል ናቸው። ስታብላይዘር፣ ቮልቱን የሚያስተካክለው ማለቴ ነው፣ ሲባል ትልቅ አያስፈልግም። የ43 ኢንች ኤልኢዲ ቴሌቪዥን አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ዋት አይበልጥም። የ1000ው ይበቃል፣ 5000 ካሉሽ ለሌላ ዕቃ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፤ ትናንት የጎረቤትም አምፖል ተቃጥሎ ወይም ከልክ በላይ ደምቆ ከነበረ ኒውትራል የሚባለው የመመለሻ ሽቦ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። ያኔ 220 የነበረው እስከ 380 ይጠጋል። እሱ ሳይሠራ ምንም አትሰኩ።

ቀበሌ ሰፈር (4፡15)
ግን ለቅዳሴ ቴሌቪዥን ግድ ነው? ስልክ ላይ ከፍተሽ ብትሰጫቸውስ? 45 ሺህ ለሌላ ነገር ይሆናል።

አቶቴ 12 (4፡30)
ስልኩን ሞክረነዋል። እናቴ ቅዳሴውን ቆማ ነው የምትከታተለው። ነጠላዋን አጣፍታ፣ የወንበሩን መደገፊያ ይዛ። ስልክ በእጇ ይዛ መቆም አትችልም፣ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ደግሞ ዓይኗ አያይላትም። ለዚህ ነው የቸኮልኩት።

መምህር፣ ለካሁ። ከሶፋው እስከ ቡፌው 2 ሜትር ከ60 ነው። ቡፌው መሀል ላይ የቴሌቪዥኑ ቦታ ወርዱ 1 ሜትር ከ5 ነው። 55 አይገባም ማለት ነው? ደግሞ የኛ ሪሲቨር የድሮ ነው፣ ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ገመድ ነው ያለው።

የፊዚክስ መምህር (4፡36)
አይገባም። 122 ለ105። የ43ቱ ይገባል፣ 5 ሳንቲ በየጎኑ ይተርፋል። እግሮቹ ጫፍና ጫፍ ላይ ስለሚሆኑ የእግሮቹንም ርቀት ሱቅ ውስጥ ለኪ።

የታቦር ልጅ (4፡39)
ግድግዳ ላይ ትስቀለዋ።

እናት ነኝ (4፡44)
ግድግዳው ጭቃ ከሆነስ? ብሎኬትም ቢሆን በደንብ ካልተበሳ ይወድቃል። እናት የሚቆሙበት ቦታ ነው።

ዲሽ ሠራተኛ (4፡58)
ስለ ገመዱ፦ አዳዲሶቹ ቴሌቪዥኖች ላይ ባለሦስት ቀለሙ መሰኪያ ላይኖር ይችላል። ሁለት አማራጭ አለሽ። ወይ ኤችዲኤምአይ ያለው ሪሲቨር ትገዥያለሽ፤ ወይ ውስጡ የሳተላይት መቀበያ ያለው ቴሌቪዥን ትመርጫለሽ። ዝርዝሩ ላይ "ዲቪቢ-ኤስ2" ይላል፣ ጀርባው ላይም የዲሹ ገመድ የሚጠመዘዝበት ቀዳዳ አለው። ቲ2 ብቻ ካለው እሱ የአንቴና ነው፣ ለዲሽ አይሆንም። ዲሽሽ ወደ 57 ዲግሪ ምሥራቅ የዞረ ከሆነ፣ የኢትዮሳት ማለት ነው፣ ዲሹን ማንም አይንካብሽ። ገመዱን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰክተሽ ቻናል ማስፈለግ ብቻ ነው።

ሞቢል ተራ (5፡03)
ሶኬቱን ነቅለሽ 5 ደቂቃ ጠብቂ፣ ከዚያ ማብሪያውን 30 ሰከንድ ያዢ። ብዙ ጊዜ ይሠራል።

ጠጋኝ ነኝ፣ ፒያሳ (6፡20)
ሥራ ላይ ሆኜ አሁን ነው ያየሁት። ይህን ሁሉ ስትጽፉ አንድ ሰው አልጠየቃትም። እህቴ፣ ድምፅ አለው?

አቶቴ 12 (6፡24)
ድምፅማ አለው። ማታም ዜና ሲያወራ ነበር። ምስሉ ነው የሌለው።

ጠጋኝ ነኝ፣ ፒያሳ (6፡33)
እንግዲያው ነገ ምንም አትግዢ። ክፍሉን አጨልሚ፣ ቴሌቪዥኑን አብሪ፣ የስልክሽን ባትሪ ስክሪኑ ላይ አስጠግተሽ በሰያፍ አብሪበት። ቀስ እያልሽ አዘዋውሪው። ውስጥ ደብዛዛ ምስል ሲንቀሳቀስ ካየሽ ስክሪኑ ደህና ነው ማለት ነው። የጠፋው ከኋላው የሚያበራው መብራት፣ ባክላይቱ ነው። እሱ ይቀየራል። ምንም ካላየሽ ሌላ ነገር ነው፣ ያኔ ስለ አዲስ እናወራለን።

ጀርባውን ግን አንቺም ወንድምሽም እንዳትከፍቱ። ተነቅሎም ቢሆን ውስጡ ያለው ካፓሲተር፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ዕቃ፣ ከ300 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል።

አቶቴ 12 (ማታ 1፡15)
ጠጋኙ ወንድሜ፣ አየሁት! በሩን ዘግቼ፣ መጋረጃውን ጋርጄ አበራሁበት። ጥላ የመሰለ ሰው ይንቀሳቀሳል፣ ከታች የዜናው ጽሑፍም ሲያልፍ ይታያል። እናቴም መጥታ አየች። አሁን ምን ላድርግ? ለእሁድ ይደርሳል?

ጠጋኝ ነኝ፣ ፒያሳ (1፡30)
እንግዲህ የኤልኢዲ መስመሮቹ ወይም እነሱን የሚያበራው ቦርድ ነው። የሞዴሉን ቁጥር ጀርባው ላይ ፎቶ አንሺና ያዢ። ዕቃው ከተገኘ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ካልተገኘ ግን ለእሁድ ይደርሳል ብዬ አልዋሽሽም። ማንም ጋ ብትወስጂው ሁለት ነገር ጠይቂ። የተቃጠለችውን አንዷን አምፖል ብቻ ልቀይር ካለሽ እምቢ በይ፤ መስመሮቹ በሙሉ ይቀየሩ፣ አለዚያ ብዙም ሳይቆይ ሌላዋ ልትሄድ ትችላለች። ደግሞ አንቺ ፊት ያብራልሽ። ከተሠራ በኋላ ሴቲንግ ገብተሽ የባክላይቱን ድምቀት ቀንሺ። ከፍ ብሎ ሲከርም ነው ቶሎ የሚቃጠለው። አዲስ የገዛችሁም እንደዚያው አድርጉ፣ ከሱቅ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ከፍ ተደርጎ ነው የሚመጣው።

የታቦር ልጅ (1፡41)
ተሠርቶ እንደገና ከሚበላሽ አዲስ መግዛቱ አይሻልም? የተጠገነ ነገር የተጠገነ ነው።

እናት ነኝ (1፡50)
ያለውን ዕቃ ማሠራት ምን ነውር አለው? ብሩ ለመጠበቂያው ይሁን።

ዳቶ (2፡05)
እህቴ፣ እኛ ቤት 32 ኢንች ቁጭ ብሏል፣ ልጄ ትልቅ ካመጣ ወዲህ ማንም አያየውም። የድሮ ስለሆነ ያንቺን ባለሦስት ቀለም ገመድ ይቀበላል። ለእሁድ ውሰጂው። የእናትሽ ቅዳሴ አይቅር። ኢንቦክስ አድርጊልኝ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነኝ።

ባለባጃጅ (2፡09)
32ቱን እኔ በነጻ አደርሳለሁ። ቅዳሜ ማታ ይመቸኛል።

ሀይቅ ዳር (ሰኞ ጠዋት 3፡00)
እህቴ፣ ምን ላይ ደረሰ? እናትሽ አዩ?

አላሙራ ሥር (ረቡዕ 5፡12)
ሰላም፣ እዚሁ ልጠይቅ። የኔም 50 ኢንች ዛሬ ጠዋት ጥቁር ሆነ። የቱን ልግዛ ትሉኛላችሁ? እስከ 60 ሺህ አለኝ።

ጠጋኝ ነኝ፣ ፒያሳ (5፡20)
ድምፅ አለው?